ሽቦው ወይስ አየሩ? የአንድ የለገጣፎ ግቢ የኢንተርኔት ጉዳይ

ግቢው ለገጣፎ ነው ያለው። ፊት ለፊት ዋናው ቤት አለ፣ ጀርባ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ። በመሃል የቆርቆሮ ማዕድ ቤት ቆሟል፤ ከአጠገቡ በብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ። ፋይበሩ ከመንገድ በኩል ገብቶ ሳሎን ላይ ያበቃል። ራውተሩም እዚያው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ከራውተሩ እስከ ሰርቪሱ በር ቢለካ 25 ሜትር ቢሆን ነው። ይህን ያህል ሩቅ የሚባል አይደለም።

ሰርቪሱን የተከራየችው ልጅ ሥራዋ ኦንላይን ነው። ለውጭ አገር ድርጅት የሂሳብ መዝገብ ትይዛለች፣ ጠዋት ጠዋት የቪዲዮ ስብሰባ አላት። ቤቱን ስትከራይ "ዋይፋይ አለው" ተብላለች። ውሸት አይደለም፣ ዋይፋዩ አለ። ስልኳ ላይ ስሙ ይመጣል፣ አንድ ጭረት ያሳያል፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አይከፍትም። ስብሰባ ላይ ምስሏ ደርቆ ይቀራል፣ ድምፅዋ ይቆራረጣል። አከራይዋ ጋሼ ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብለው ዩቲዩብ ያለ ችግር ስለሚያዩ ነገሩ አልገባቸውም። "እኔ ጋ እኮ ጥርት ብሎ ነው የሚሠራው ልጄ፣ ስልክሽን አሳዪ" ሲሏት ከረሙ።

እኔ የተጠራሁት "ትልቅ ራውተር እንግዛ ወይ?" ለሚለው ጥያቄ ነው። ሰው ዋይፋይ እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚያስበው ባለ ስድስት አንቴና ራውተር ነው። ብዙ ጊዜ ብር ማባከን ነው። ራውተሩ ቢጮህ እንኳ ስልኩ መልሶ መጮህ አለበት፤ የስልክ አንቴና ደግሞ ትንሽ ነው፣ ኃይሉም ትንሽ ነው። ንግግሩ የሁለት ወገን ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት የሲግናል ጥንካሬ የሚለካ አፕ ስልክ ላይ ጭነን ግቢውን ዞርን። ቁጥሩ በነጌቲቭ ነው የሚመጣው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ሳሎን ላይ ነጌቲቭ 40 አካባቢ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወደ 60 ወረደ። የጓሮ በር ላይ 68። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው፣ በዚህ ጥንካሬ ቪዲዮ ማየት ይቻላል። ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ስንዞር ግን በአንድ እርምጃ ወደ 85 ዘጭ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ ከቆርቆሮው ከለላ ስንወጣ፣ መልሶ ወደ 75 መጣ። የሰርቪሱ በር በትክክል ከለላው ውስጥ ነው ያለው።

የቤቱ ግድግዳ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ያን ያህል አያስቸግርም። ፌሮ የታሰረበት ኮለን ከዚያ ይብሳል። ቆርቆሮ ግን ለዋይፋይ እንደ መስታወት ነው፤ የመጣውን ይመልሰዋል። ሮቶው ደግሞ ውሃ ነው፣ ውሃ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ዋይፋይ በብዛት በሁለት መንገድ ይሠራል፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋሄርትዝ። አምስቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል። እዚህ ግቢ ከኮሪደሩም አላለፈም። ጓሮ የደረሰው 2.4ቱ ብቻ ነው፣ እሱም ተሰባብሮ።

ራውተሩን ወደ ኋላኛው መኝታ ቤት መስኮት ማዛወር ሞከርን። ሰርቪሱ ትንሽ ተሻለው፣ ሳሎን ግን ተበላሸ፣ ጋሼም ተቆጡ። ተመለሰ። ቀጥሎ ሪፒተር፣ ማለትም የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ የሚረጭ ዕቃ፣ ኮሪደር ላይ ሰካን። ሰርቪስ ውስጥ ጭረቱ ሙሉ ሆነ፣ ልጅቷም ደስ አላት። ደስታው እስከ መጀመሪያው ስብሰባ ነው የቆየው። ተራ ሪፒተር በአንድ ቻናል ይሰማል፣ በዚያው ቻናል መልሶ ያወራል። እየሰማ ማውራት አይችልም። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲጀመር ግማሽ ይሆናል። ስልክ ላይ የምናየው ጭረት ከሪፒተሩ ጋር ያለንን ግንኙነት ነው የሚነግረን። ሪፒተሩ ከራውተሩ ጋር እንዴት እየተግባባ እንደሆነ አይነግረንም። ብዙ ሰው "ኔትወርኩ ሙሉ ነው ግን አይሠራም" የሚለው ለዚህ ነው።

"ኬብል ለምን አትዘረጉም?" የሚል አንባቢ ልክ ነው። በእኔ እምነት ከራውተር እስከ ሰርቪስ አንድ ኔትወርክ ኬብል መሳብ የዚህ ግቢ እውነተኛ መልስ ነበር። እንዲህ ያለ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ምንም እርዳታ ይሄዳል። ግን ግቢው ገና ታይልስ መነጠፉ ነው። ለመቆፈር ጋሼን ማን ደፍሮ ይጠይቃል? በአየር እንሳብ ስንላቸው "ግቢዬን የሸረሪት ድር ልታደርጉት ነው!" አሉ። እትዬም የልብስ ማስጫቸው ነገር አሳሰባቸው። በዚህ ላይ ክረምት እየገባ ነበር። በሁለት ቤቶች መሃል በአየር የተንጠለጠለ የመዳብ ሽቦ ለመብረቅ የተጋለጠ ነው፣ ስለዚህ እኔም ብዙ አልተሟገትኩም።

ፓወርላይን የሚባለው ዕቃ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከሳሎን እስከ ሰርቪስ ድረስ የተዘረጋ ሽቦ እኮ አለ። የመብራቱ ሽቦ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቤታችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ 220 ቮልት ነው። ፓወርላይን አዳፕተር ሶኬት ላይ ሲሰካ በዚያው ሽቦ ላይ በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 30 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ደካማ ሲግናል ይደርብበታል። ሁለቱ በጣም ስለሚራራቁ አይቀላቀሉም። ሌላ ክፍል የተሰካው ሁለተኛው አዳፕተር መብራቱን አጣርቶ ትቶ ሲግናሉን ያነሳል። በአንዱ ጫፍ ከራውተሩ በአጭር ኬብል ይገባል፣ በሌላው ጫፍ ወደ ላፕቶፕ ይወጣል። መንገዱን በመቶዎች ለሚቆጠሩ ቀጫጭን መስመሮች ይከፋፍለዋል። ጫጫታ ያለበትን መስመር ይተዋል ወይም ጭነቱን ይቀንስበታል። የመብራት ሽቦ ለዳታ ተብሎ ስላልተሠራ ያለዚህ ዘዴ አይሆንም ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የፓወርላይንን ደረጃ ያወጣው የሆምፕለግ ማኅበር የተመሠረተው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። የ2001ዱ የመጀመሪያ ደረጃ በወረቀት በሰከንድ 14 ሜጋቢት ነበር፣ የ2005ቱ ኤቪ የተባለው 200 ሆነ። ኋላ የመጣው ኤቪ2 እስከ 86 ሜጋሄርትዝ (በሰከንድ 86 ሚሊዮን ጊዜ) ድረስ ይጠቀማል፣ መብራቱ ከሚመላለስባቸው ከፌዝና ከኒውትራል ሽቦዎች ሌላ ወደ መሬት የሚወርደውን የኧርዙንም ሽቦ ይሠራበታል። ኧርዙ በትክክል የተዘረጋ ከሆነ ማለቴ ነው። በእኛ ሰፈሮች ሶኬቱ የኧርዝ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ከጀርባው ግን ሽቦ ላይኖር ይችላል። እዚህ ቤት ሰርቪሱ ውስጥ ኧርዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ውዱን መግዛት ትርጉም የለውም አልኩ። ካርቶኑ ላይ 500 የሚል ጥንድ ተገኘ፤ ከዱባይ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣው።

500 ስለሚሉት ቁጥር ትንሽ ልበል። ቁጥሩ ሽቦው ላይ በንድፈ ሐሳብ ሊሄድ የሚችለውን ሁሉ የደመረ ነው። ከዚያ ውስጥ ለእርማትና ለቅንጅት የሚሄደው ብዙ ነው። አስቂኙ ደግሞ የዚህ አዳፕተር የኬብል ቀዳዳ ባለ 100 ነው። 500 ጽፎ በ100 በር ማስወጣት! ሆኖም የጋሼ የኢንተርኔት ጥቅል 25 ሜጋቢት ነው። እኛ የምንፈልገው 25 ሳይቆራረጥ እንዲደርስ ብቻ ነው።

ሰካነው። ቀይ መብራት በራ። ቀይ ማለት "እንገናኛለን፣ ግን በመከራ" ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ዓይን ያወጣ ነበር። የሳሎኑ አዳፕተር ዲቫይደር ላይ ነበር የተሰካው፣ ዲቫይደሩ ደግሞ ስታብላይዘር ላይ። ስታብላይዘርና ከመብራት መዋዠቅ የሚከላከል ዲቫይደር ውስጣቸው ማጣሪያ አላቸው። ሥራቸው እንግዳ ሲግናልን ማጥፋት ነው፣ የእኛም ሲግናል ለእነሱ እንግዳ ነው። ፓወርላይን ቀጥታ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰካው። ሌላው ደግሞ የዱባዩ ዕቃ ባለ ሶስት ጠፍጣፋ እግር መሆኑ ነው። በመቀየሪያ ሶኬት ሲሰካ ይወዛወዝ ነበር። የላላ ሶኬት ይሞቃል፣ ብልጭ ይላል፣ እያንዳንዱ ብልጭታ ደግሞ ለሲግናሉ ጫጫታ ነው። በሁለቱም ቦታ ሁሉንም ዓይነት እግር የሚቀበል ሶኬት አስቀየርን። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ፍጥነቱ ግን አሁንም ይወጣል ይወርዳል።

እዚህ ላይ ነው ኤሌክትሪሺያን የጠራነው። የብሬከር ሳጥን መክፈት የኔ ሥራ አይደለም፤ የማንም አማተር ሥራ አይደለም።

"ጋሼ፣ የሰርቪሱ መስመር ከየትኛው ብሬከር ነው የሚነሳው?"

"እኔ ምኑን አውቄው? የዘረጋው ልጅ ነው የሚያውቀው። እሱ ደግሞ አረብ አገር ሄዷል።"

ስለዚህ በፍለጋ ሆነ። ኤሌክትሪሺያኑ አንድ አንድ ብሬከር ያወርዳል፣ እትዬ ከጓሮ "ጠፋ!" ወይም "አለ!" ይላሉ። ሳጥኑ ላይ የትኛው የምን እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም። በመጨረሻ ምስሉ ወጣ። ቆጣሪው ስሪ ፌዝ ነው፤ መብራቱ በሶስት የተለያዩ የፌዝ ሽቦዎች ነው የሚገባው። ሳሎኑ በአንዱ ፌዝ፣ ሰርቪሱና የውሃ ፓምፑ በሁለተኛው፣ የእንጀራ ምጣዱ ለብቻው በሶስተኛው።

ፓወርላይን የሚወደው አንድ ፌዝ ነው። ሁለት ፌዞች በቀጥታ አይገናኙም። ሲግናሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘለው ሽቦዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ተቀራርበው ስለሚሄዱ ነው፣ በመንጠባጠብ ማለት ነው። የኛ ቢጫ መብራት ይህን መንጠባጠብ ነበር የሚያሳየው።

ኤሌክትሪሺያኑ ጠንቃቃ ሰው ነው። የሰርቪሱን መስመር ወደ ሳሎኑ ፌዝ ላዛውር ብሎ አልተነሳም፣ መጀመሪያ ጭነቱን አሰበ። ምጣዱ 3500 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ሰርቪሱ ወደ ምጣዱ ፌዝ መሄድ ቢኖርበት ኖሮ እምቢ እል ነበር አለ። ሳሎን ያለው ግን ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና አምፖል ነው፣ ጭነቱ ቀላል ነው። ዋናውን አጥፍቶ የሰርቪሱን መስመር አዛወረው። በዚያው ሰርቪሱ ከፓምፑ ፌዝ ተለየ፤ ይህ ትርፍ ነው። በየብሬከሩም ስሙን ጻፈበት። ከሥራው ሁሉ እኔ በጣም የወደድኩት ይሄኛውን ነው።

አረንጓዴ በራ። ሁለት ላፕቶፕ በሁለቱ ጫፍ አድርገን ፋይል ስንገለብጥ ከ60 ሜጋቢት በላይ ሄደ። የ500ው ዕቃ ማለት ነው። ከኢንተርኔት ስንለካ ደግሞ ሰርቪሱም ሳሎኑም እኩል ሆኑ፣ ከጥቅሉ በላይ ስለማይመጣ። ልጅቷ ከአዳፕተሩ ላፕቶፗ ድረስ በኬብል ነው የምትሠራው። ለስልኳ ደግሞ አንድ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አሮጌ ራውተር እዚያው ሰክተን ዋይፋይ እንዲረጭ አደረግን። ቆርቆሮውን በሽቦ አልፈን ከዚያ ወዲያ በአየር። ዋይፋይና ፓወርላይን ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ አንዱን መምረጥ ግዴታ ተደርጎ ይወራል። ግዴታ አይደለም፤ አንዱ ያቃተውን ግድግዳ ሌላው ያልፍና ሥራውን ይመልስለታል።

ቀጥሎ ማታ ማታ መቆራረጥ ጀመረ። ሁሉም ፍሪጁን ጠረጠረ፣ ቀጥሎ ፓምፑን። ፓምፑ እውነትም ሲነሳ ፍጥነቱን ለጥቂት ሰከንድ ይጥለዋል። ግን ፓምፑ የሚሠራው የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ነው፣ መቆራረጡ ግን በየማታው ነው። መፍትሔው ዕቃ አንድ በአንድ መንቀል ነበር። ጥፋተኛው ከአዳፕተሩ አጠገብ ባለው ሶኬት ማታ ማታ የሚሰካ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ። ቻርጀር ውስጡ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እያበራ እያጠፋ ነው 220ውን ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው። ጥሩው ቻርጀር ይህን ጫጫታ የሚያፍን ማጣሪያ አለው። ርካሹ ላይ ለማትረፍ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። ቻርጀሩን ወዲያኛው ግድግዳ ላይ ባለ ማጣሪያ ዲቫይደር ላይ አዛወርነው። አዳፕተሩን ሲያፍነው የነበረው የዕቃ ዓይነት አሁን ጫጫታውን አፈነልን።

ያልጠበቅነው ቅሬታ የመጣው ከጋሼ ነው። ማታ ራዲዮ ይሰማሉ፤ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት። ጆሯቸውን ራዲዮው ላይ ለጥፈው "ይሄ ነገር ከመጣ ወዲህ ዝንብ ገብቶበታል" አሉ። እውነታቸውን ነው። አጭር ሞገድ የሚባለው ከ3 እስከ 30 ሜጋሄርትዝ ያለው ነው። አዳፕተሩ የሚሠራበትም እዚያው ነው። የመብራት ሽቦ ደግሞ ሲግናል የሚከልል የብረት ሽፋን ስለሌለው ጥቂቱን እንደ አንቴና ያወጣዋል። አምራቾቹ የአማተር ራዲዮ (ሰዎች ለፍላጎታቸው በራዲዮ የሚነጋገሩባቸውን) መስመሮች ይተዋሉ፤ የማሰራጫ ጣቢያዎቹን ግን ሁሉም አይተውም። በፓወርላይን ላይ ከተነሱት አቤቱታዎች አንዱና የቆየው ይሄ ነው። ራዲዮውን ከሶኬት ነቅለን በባትሪ ድንጋይ እንዲሠራ አድርገን ከግድግዳው ርቆ መስኮት ላይ አስቀመጥነው። ዝንቡ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን ዜናው ይሰማል።

ስለ ደኅንነትም ሁለት ቃል። ሲግናሉ ቆጣሪ ላይ አይቆምም፣ ተዳክሞ ሊያልፍ ይችላል። አዳፕተሮቹ በ128 ቢት ይመሰጥራሉ፤ ግን ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት በአንድ የታወቀ የምስጢር ቁልፍ ነው። ጎረቤትም ተመሳሳይ ዕቃ ቢገዛ ሳታውቁ አንድ ኔትወርክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ጎን ላይ ያለችውን መጫኛ በሁለቱም ላይ ተራ በተራ መጫን አዲስ የምስጢር ቁልፍ ይፈጥራል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ሳያደርግ እንዳያድር።

ትልቁ ድክመት ግን መብራት ሲሄድ ነው የታየው። ራውተሩ 12 ቮልት የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ አለችው፣ መብራት ጠፍቶም ሳሎን ውስጥ ኢንተርኔት አለ። አዳፕተሩ ግን የሚሠራው በ220 ነው። መብራት ጠፋ ማለት ሰርቪሱ ጠፋ ማለት ነው። ዩፒኤስ ላይ ቢሰካስ? አይሆንም፤ ዩፒኤስ ማጣሪያ ስላለው ሲግናሉን ወደ ግድግዳው ሽቦ አያሳልፍም። ቤቱን በሙሉ የሚያበራ ኢንቨርተር ቢኖር በቤቱ ሽቦ ላይ ስለሚሰጥ ይሠራ ነበር፤ ጋሼ ግን የላቸውም። ስለዚህ መብራት በሚሄድበት ጠዋት ልጅቷ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ጋሼ ሳሎን ትመጣለች፤ ወይም ከስልኳ ዳታ ታጋራለች። ጋሼ ስብሰባዋ ሲጀመር ቴሌቪዥኑ ባይኖርም ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ፓወርላይንን ከኬብል ማስበለጥ አይቻልም፤ እኔ ለጋሼም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ከክረምት በኋላ የጓሮውን የፍሳሽ መውረጃ ሊያስቆፍሩ አስበዋል። በዚያው ቁፋሮ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ከነሲባጎው እንዲቀበር ተስማምተዋል፤ ታይልሱ የሚነሳው አንዴ ከሆነ አይቃወሙም። በሲባጎው የሚሳበው ለውጭ የሚሆን ኬብል ነው፣ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አይገባም። ለመብረቁ ሲባል ፋይበር ቢሆን ይመረጣል፤ በዋጋው ላይ ገና እየተነጋገርን ነው። ጥንዶቹን አዳፕተሮች እትዬ አስቀድመው ጠይቀዋል። ከዋናው ቤት በላይኛው ፎቅ ያለው የልጃቸው ክፍልም ዋይፋይ አይደርሰውም፤ ፌዙ የሳሎኑ ፌዝ መሆኑን ደግሞ አሁን ብሬከሩ ላይ ተጽፎ ያዩታል።